ሊሰናበት የተቃረበ የቅንጦት መኪናን በኪራይ ውል ስለ መያዝ



ይህ ንግግር በሬዲዮ በተነገረ ጊዜ ከአድማጮች መካከል አንዳንዶቹ «ቍጥሩ በዛብን፤ በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ወጣ» ሲሉ ወቅሰውኝ ነበር። ወቀሳው ተገቢ ነው። ሒሳብ በጆሮ አይያዝም። ስለዚህ ንግግሩ በዚህ ዓምድ ታትሞ እንዲወጣ በተጠየቅሁ ጊዜ በደስታ ተቀበልሁ። አሁን እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ፥ የጠረጠራችሁትን እየመረመራችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ።

ነገሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው በአሜሪካ አገር የሚኖሩትን ወገኖቻችንን፥ ይልቁንም በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ በቨርጂንያና በሜሪላንድ የተቀመጡትን ነው። በዚያ አገር ያለ መኪና ሥራ መሄድም ሆነ ልጅን ትምህርት ቤት ማድረስ አስቸጋሪ ነው። ከቤት ቀጥሎም አንድ ቤተሰብ ፊርማውን የሚያኖርበት ከባዱ ውል ብዙ ጊዜ የመኪና ውል ነው። ታዲያ ያን ያህል ከባድ የሆነው ውል አንዳንዴ ከሥራ መልስ፥ በረኃብና በድካም፥ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ይፈረማል። እኔም እንዲሁ አድርጌ የፈረምሁ ሰው ስለሆንሁ የምናገረው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸውን ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንደምጽፍ አስቀድሜ ላሳስብ።

በዚያ አገር «ሊዝ» የሚባለው የኪራይ ውል መኪናውን መግዛት አይደለም፤ ለሽርሽር መኪና በቀን መከራየትም አይደለም። አከራዩ ኩባንያ መኪናውን ከሻጩ ነጋዴ ላይ ይገዛና ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ያህል በእጃችሁ ያኖረዋል። እናንተም የምትከፍሉት መኪናው በዚያ ዘመን ውስጥ ያጣል ተብሎ የተገመተውን ዋጋ ነው፤ በዚህም ላይ የኩባንያው ገንዘብ በእናንተ ዘንድ በመቈየቱ ወለድ ይታከልበታል። ዘመኑ ሲፈጸም ቍልፉን ትመልሳላችሁ፤ ወይም በውሉ ላይ አስቀድሞ በተጻፈው ዋጋ መኪናውን ትገዙታላችሁ።

እንግዲህ በውሉ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ቍጥሮች አራት ናቸው። አንደኛው ፋብሪካው በመስታወቱ ላይ የለጠፈው ዋጋ ነው። ሁለተኛው እናንተና ሻጩ ተከራክራችሁ የተስማማችሁበት ዋጋ ነው። ሦስተኛው ቀሪው ዋጋ፥ በእነርሱ አነጋገር «ሬዚጁዋል» የሚባለው ነው፤ ይኸውም መኪናው በሚመለስበት ቀን ያወጣል ተብሎ የተገመተው ገንዘብ ነው። አራተኛው «መኒ ፋክተር» የሚሉት ሲሆን፥ ይህ የወለዱ ልክ ነው፤ ነገር ግን እንደ 0.0025 ሆኖ ስለሚጻፍ ለማያውቀው ሰው ከምንም የማይቈጠር ትንሽ ነገር ይመስላል። በ2,400 ቢያባዙት በመቶ የሚታሰበው የዓመት ወለድ ይገኛል። ስለዚህ 0.0025 ማለት በመቶ ስድስት ነው።

ከነዚህ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ሦስተኛው ነው። ቀሪው ዋጋ የሚሰላው በተስማማችሁበት ዋጋ ላይ ሳይሆን በመስታወቱ ላይ በተለጠፈው ዋጋ ላይ ነው። ልኩንም የሚቈርጠው አከራዩ ኩባንያ እንጂ ከፊታችሁ የተቀመጠው ሻጭ አይደለም። በእርሱ ላይ መከራከር አይቻልም፤ ማወቅ ግን ይቻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የማይከራከሩበትን ነገር ማወቅ ምን ይጠቅማል ብሎ ስለሚተወው ነው።

አሁን ወደ ተሰናባቹ መኪና እንምጣ። በየዓመቱ የሞዴሉ ቍጥር መለወጡ የታወቀ ነው፤ እኔ የምለው ግን ስለዚህ ዓይነቱ ትንሽ ለውጥ አይደለም። ፋብሪካው በጥቂት ዓመታት አንድ ጊዜ የመኪናውን አካልና መልክ፥ አንዳንዴም ሞተሩን ጭምር ከሥር እስከ ላይ ይለውጠዋል። ለምሳሌ በሳውዝ ካሮላይና በስፓርታንበርግ አውራጃ የሚሠራው ቢ ኤም ደብሊው ኤክስ 3 በ2017 በወጣው መልኩ እስከ 2024 ሞዴል ድረስ ዘልቆ፥ ተተኪው በሰኔ ወር 2024 ለሕዝብ ታየ። የአኩራ ኤም ዲ ኤክስ ሦስተኛው ትውልድ በ2020 ሞዴል ተፈጸመና፥ የ2021 የሚባል ሞዴል ጨርሶ ሳይኖር፥ አዲሱ የ2022 ተብሎ በ2021 መጀመሪያ ላይ ለገበያ ቀረበ። ሌክሰስ ጂ ኤክስ 460 ደግሞ ከ2010 እስከ 2023 ሞዴል ድረስ አንዱን አካል ተሸክሞ ኖረ።

አዲሱ መልክ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ከታየበት ቀን ጀምሮ በነጋዴው ግቢ የቆመው አሮጌው መልክ፥ ምንም እንኳ አንድ ኪሎ ሜትር ያልተነዳና ሽታው ገና የፋብሪካ ቢሆን፥ በተመልካች ዓይን ያረጃል። ነጋዴውም መኪናውን በግቢው ያቆመው በብድር ገንዘብ ስለሆነ በየቀኑ ወለድ ይቈጠርበታል። ስለዚህ ይቀንሳል። በመስታወቱ ላይ በትልቅ ፊደል «6,000 ዶላር ቅናሽ» ብሎ ይጽፋል። ገዢም ያን ሲያይ ልቡ ይሸፍታል፤ የእኔም ልብ እንዲሁ ሸፍቷል።

በ2018 በቨርጂንያ፥ ስሙን መጥራት ከማያስፈልገኝ አንድ ነጋዴ ዘንድ ገባሁ። ሻጩ ትሑትና ጨዋታ ዐዋቂ ሰው ነበረ። ቡና አመጣልኝ፤ የልጆቼን ስም ጠየቀኝ። ከዚያ «በወር ስንት ለመክፈል አስበዋል?» አለኝ። እኔም ክርክሩ በዚች አንዲት ጥያቄ እንደ ተፈጸመ ሳላውቅ «ከ700 ዶላር ባይበልጥ» ብዬ መለስሁ። ወደ ውስጥ ገባና ጥቂት ቈይቶ 698 ዶላር የሚል ወረቀት ይዞ ተመለሰ፤ በቅድሚያ ግን 4,000 ዶላር እንድከፍል ይጠይቃል። ሁለት ዶላር አተረፍሁ ብዬ ደስ አለኝ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ፈርሜ ወጣሁ።

እስቲ ያን 4,000 ዶላር ለ36 ወር አካፍሉት፤ በወር 111 ዶላር ከ11 ሣንቲም ጥቂት የሚበልጥ ይደርሳል። እንግዲህ እውነተኛው ክፍያዬ 698 ሳይሆን ወደ 809 ዶላር ነበረ ማለት ነው። ያን ስሌት ያን ማታ በናፕኪን ወረቀት ላይ እንኳ ልሠራው እችል ነበር። በሰባተኛው ወር ደግሞ በበረዶ ቀን አንድ ሰው ከኋላ መታኝና መኪናው ከጥገና ውጭ ሆነ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ የተጐዳ ሰው አልነበረም። ኢንሹራንሱ የመኪናውን ዋጋ ለባለቤቱ፥ ማለት ለአከራዩ ኩባንያ፥ ከፈለ። የቅድሚያው 4,000 ዶላር ግን ተመልሶ ወደ ኪሴ አልገባም። በመጀመሪያው ቀን ከወጣ በኋላ የእኔ መሆኑ ቀርቶ ነበር።

ከዚያ ጊዜ ወዲህ ነው ውል በእርሳስ ማንበብ የጀመርሁት። ያየሁትንም እነሆ በቀላል ቍጥር አሳያችኋለሁ። ቍጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የወሰድኋቸው ናቸው፤ አሠራሩ ግን በየነጋዴው ጠረጴዛ ላይ ያለው ነው።

በነጋዴው ግቢ ሁለት መኪናዎች ቆመዋል እንበል፤ አንዱ ተሰናባቹ፥ ሁለተኛው አዲሱ መልክ ነው። በሁለቱም ላይ የተለጠፈው ዋጋ 60,000 ዶላር፥ ዘመኑ 36 ወር፥ የወለዱ ልክ 0.0025 ነው። በተሰናባቹ ላይ 6,000 ዶላር ተቀንሶ ዋጋው 54,000 ይሆናል። በአዲሱ ላይ ግን 1,500 ብቻ ተቀንሶ 58,500 ይሆናል። ይህን ያየ ሰው ተሰናባቹን ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ የዋጋው ልዩነት 4,500 ዶላር ነውና።

ነገር ግን አከራዩ ኩባንያ ከሦስት ዓመት በኋላ የአሮጌው መልክ ገበያ ደካማ እንደሚሆን ስለሚያውቅ ቀሪውን ዋጋ በመቶ 50 ብቻ ገምቶታል፤ ይህም 30,000 ዶላር ነው። የአዲሱን በመቶ 58 አድርጎታል፤ 34,800 ዶላር ማለት ነው። አሁን እንቀንስ። ተሰናባቹ በሦስት ዓመት የሚያጣው ከ54,000 ላይ 30,000 ሲቀነስ 24,000 ዶላር ነው፤ በ36 ሲካፈል 666.67 ዶላር ይሆናል። አዲሱ የሚያጣው 23,700 ዶላር ነው፤ በወር 658.33። እንግዲህ ከፍ ያለ ቅናሽ የተደረገለት መኪና ከሌላው ይልቅ የበለጠ ዋጋ ያጣል። ወለዱ የሚሰላው የተስማማችሁበትን ዋጋና ቀሪውን ዋጋ ደምሮ በመኒ ፋክተሩ በማባዛት ነው። ለተሰናባቹ 84,000 በ0.0025፥ 210 ዶላር፤ ለአዲሱ 93,300 በ0.0025፥ 233.25 ዶላር ይመጣል። ድምሩ ለተሰናባቹ በወር 876.67፥ ለአዲሱ 891.58 ዶላር ነው።

ልዩነቱ 15 ዶላር እንኳ አልሞላም። የ4,500 ዶላሩ ብልጫ ወዴት ሄደ ብትሉ፥ ቀሪው ዋጋ ዋጠው። ሰውዬው በወር ከአንድ ምሳ ዋጋ ለማይበልጥ ትርፍ ብሎ ለሦስት ዓመት የአሮጌውን መልክ ይዞ ይነዳል። መንዳቱ ነውር የለውም፤ እኔ በበኩሌ አንዳንዶቹን አሮጌ መልኮች ከአዲሶቹ አብልጬ እወድዳለሁ፤ አዲሶቹ የመብራትና የአየር ማሞቂያ ቍልፋቸውን ሁሉ በመስታወት ሰሌዳ ውስጥ ደብቀውታል። ነገር ግን ርካሽ አገኘሁ ብሎ ከሆነ የያዘው፥ ተታልሏል።

ታዲያ ተሰናባቹን በሊዝ መያዝ ከቶ አይጠቅምም ማለቴ ነውን? አይደለም። የሚጠቅምበት በር አለ፤ በሩ ግን በነጋዴው ቅናሽ በኩል ብቻ አይደለም። ፋብሪካው ራሱ፥ በራሱ አበዳሪ ኩባንያ አማካይነት፥ አሮጌው መልክ ቶሎ እንዲያልቅለት ሲፈልግ ሦስት ነገር ሊያደርግ ይችላል። ለሊዝ ብቻ የሚሰጥ የገንዘብ ድጎማ ያወጣል፤ የወለዱን ልክ ዝቅ ያደርጋል፤ ወይም ቀሪውን ዋጋ ከገበያው ግምት በላይ ከፍ አድርጎ ይጽፋል። ሦስተኛው ለተከራይ ታላቅ ስጦታ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ መኪናው ያን ያህል ባያወጣ ኪሳራው የኩባንያው እንጂ የእናንተ አይደለም፤ እናንተ ቍልፉን ሰጥታችሁ ትሄዳላችሁ። በግዢ የያዘው ሰው ግን ያን ኪሳራ ራሱ ይሸከመዋል።

በዚያው ምሳሌ ላይ ፋብሪካው 3,000 ዶላር ድጎማ ቢጨምርና የወለዱን ልክ ወደ 0.0018 ቢያወርድ፥ ዋጋው 51,000፥ የሚታጣው 21,000 ይሆናል። በወር 583.33፥ ወለዱም 145.80፤ ድምሩ 729.13 ዶላር ነው። ከቀድሞው ጋር ሲተያይ በወር ከ147 ዶላር በላይ ይቀንሳል። አንዱ መኪና፥ አንዱ ግቢ፥ አንዱ ሻጭ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ይለያያል። እነዚህ ድጎማዎች አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ ስለሚታደሱ የመስከረሙ የጥቅምቱ አይሆንም። እንግዲህ በጥቅምት የተሻለ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ሊያተርፍም ሊያከስርም ይችላል፤ ሞዴሉ እያረጀ በሄደ መጠን ኩባንያው ቀሪውን ዋጋ ይቀንሰዋልና፥ የነጋዴው ቅናሽ ቢጨምርም የወሩ ክፍያ ላይወርድ ይችላል። በግቢው የቀሩትም ማንም ያልፈለጋቸው ቀለማትና ገዢ ያልጠየቃቸው ጌጦች የበዙባቸው ይሆናሉ።

ተሰናባች ሁሉ አንድ አለመሆኑንም ልጨምር። ከላይ የጠቀስሁት ሌክሰስ ጂ ኤክስ 460 ባለ ስምንት ሲሊንደር፥ 4.6 ሊትር ሞተር ነበረው። በሰኔ 2023 የታየው ተተኪው ግን ባለ ስድስት ሲሊንደር፥ 3.4 ሊትር፥ ሁለት ቱርቦ ያለው ሞተር ይዞ መጣ። የቀድሞውን ሞተር የሚወድ ሰው ስለሆነም ተሰናባቹን እንደ መጨረሻ ዕድል ይፈልገዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሻጩ ዋጋ ለመቀነስ አይቸኵልም፤ እርሱን «አሮጌ ነው» ብሎ ለማሸነፍ መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

አሁን በ2024 የበጋ ፍጻሜ የሆነውን ላውጋችሁ። የእኅቴ ልጅ በአሌክሳንድርያ ከተማ የምትኖር ነርስ ናት። የእኔን ታሪክ ከልጅነትዋ ጀምራ ስትሰማ ስላደገች ባይሆንም ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ሰምታለች፤ ተሰናባች ሞዴል ለመያዝ ባሰበች ጊዜ ደውላ «አጎቴ፥ አብረውኝ ይሂዱ፤ ነገር ግን እርስዎ ምንም አይናገሩ» አለችኝ። ቃሌን ሰጠኋት።

ከመሄዷ አስቀድሞ ለአምስት ነጋዴዎች በኢሜል አንድ ዓይነት ደብዳቤ ጻፈች። የጠየቀችው የወር ክፍያ አልነበረም። የተለጠፈው ዋጋ ስንት ነው? ከፋብሪካው ድጎማ በፊት የእናንተ ዋጋ ስንት ነው? ድጎማው ስንት ነው? ቀሪው ዋጋ በመቶ ስንት፥ መኒ ፋክተሩስ ስንት ነው? የአገልግሎትና የጽሕፈት ቤት ክፍያዎች ምን ምን ናቸው? ሁለቱ «ይምጡና በአካል እንነጋገር» ብለው ብቻ መለሱ፤ እነርሱን ሰረዘቻቸው። ሦስቱ ቍጥር ላኩ። በሦስቱ መካከል ቀሪው ዋጋ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ መኒ ፋክተሩ የተለያየ ሆኖ አገኘችው። ይህ የሆነው ኩባንያው ለነጋዴው የሚሰጠው መነሻ ልክ ስላለ፥ ብዙ ጊዜም ነጋዴው በዚያ ላይ ጥቂት ጨምሮ ትርፉን እንዲወስድ ስለሚፈቀድለት ነው። ጥቂት ያልሁት እንደ 0.0004 ያለውን ነው። በምሳሌያችን 0.0018 ወደ 0.0022 ቢወጣ በወር 32.40፥ በ36 ወር 1,166.40 ዶላር ይሆናል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

በወሩ መጨረሻ፥ ነጋዴዎች የወር ኮታቸውን ለመሙላት በሚሯሯጡበት ሳምንት፥ ጥሩ ዋጋ ወደ ላከው ሄድን። ሻጩ እንደ ልማዱ «በወር ስንት አስበዋል?» ሲላት «እርሱን እኔ አወጣዋለሁ፤ አስቀድመን በመኪናው ዋጋ እንስማማ» አለችው። ዋጋው ከተቈረጠ በኋላ ነው ሌላውን የጠየቀችው። መኒ ፋክተሩ በኢሜሉ ከተጻፈው ከፍ ብሎ መጣ። እርስዋም የሌላውን ነጋዴ ደብዳቤ ከቦርሳዋ አውጥታ በጠረጴዛው ላይ አኖረችና ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት በእግርዋ ረገጠችኝ። ሻጩ ወደ አለቃው ሄዶ ሲመለስ ልኩ ወደ መነሻው ወርዶ ነበር። አሮጌ መኪናዋንም ለሌላ ሰው አስቀድማ ስለ ሸጠች «የእርስዎን መኪና በዚህ እንወስዳለን» የሚለው ጨዋታ፥ ሁለት ሒሳብን አንድ ላይ የሚያምታታው፥ ቦታ አላገኘም።

ከዚህ በኋላ ወደ ገንዘብ ክፍሉ አስገቡን። በዚያ ክፍል ሰው የሚደክመው ክርክሩ አለቀ ብሎ ልቡን ከፈታ በኋላ ነው። የጎማ ዋስትና፥ የቀለም መከላከያ፥ የቍልፍ ዋስትና እየተባለ በወር ዐሥር፥ በወር ዐሥራ አምስት ዶላር ይቀርባል። አንዱን ብቻ ጠየቀች፤ ይኸውም መኪናው ቢሰበር ኢንሹራንሱ በሚከፍለውና በውሉ ዕዳ መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸፍነው ዋስትና በውሉ ውስጥ አለ ወይ? አዎን፥ አለ አሏት፤ በፋብሪካዎቹ ኩባንያዎች ውል ብዙ ጊዜ ተካትቶ ይገኛል። ስለዚህ ለብቻው አልገዛችም። በቅድሚያም ከመጀመሪያው ወር ክፍያና ከግዴታዎቹ ክፍያዎች በቀር አንድ ዶላር አላስቀመጠችም። የእኔ 4,000 ዶላር ይህን ያህል አገልግሎት ሰጠ።

በዚያ አገር በ1976 የወጣው የተጠቃሚዎች የኪራይ ውል ሕግና «ሬጉሌሽን ኤም» የተባለው ደንብ አከራዩ ከፊርማ በፊት የተስማማችሁበትን ዋጋ፥ ቀሪውን ዋጋ፥ የሚታጣውን ዋጋና ጠቅላላውን የወለድ ክፍያ በጽሑፍ እንዲገልጽ ያስገድዳል። ደንቡ የሚሠራው ጠቅላላ ክፍያው በየዓመቱ ከሚወሰን ልክ ለማያልፍ ውል ሲሆን፥ በ2024 ልኩ 69,500 ዶላር ነበረ። ነገር ግን ሕጉ መኒ ፋክተሩ ራሱ ይጻፍ አይልም። እርሱን እናንተ ልታወጡት ትችላላችሁ፤ ጠቅላላውን የወለድ ክፍያ በወሮቹ ቍጥር አካፍሉ፤ የመጣውን ደግሞ ለዋጋውና ለቀሪው ዋጋ ድምር አካፍሉ። በምሳሌያችን ጠቅላላው ወለድ 5,248.80 ዶላር ነው፤ በ36 ሲካፈል 145.80፤ ይህ ለ81,000 ሲካፈል 0.0018 ይሰጣል። በ2,400 ሲባዛ በመቶ 4.32 ነው። ሻጩ ከነገራችሁ ጋር ካልተስማማ ብዕሩን አስቀምጡ። ከፊርማ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ መልሼ አፈርሰዋለሁ የሚለው እምነት በወገኖቻችን ዘንድ ሲነገር እሰማለሁ፤ በነጋዴው ቤት ለተፈረመ የመኪና ውል የፌዴራሉ ሕግ እንዲህ ያለ መብት አይሰጥም።

ግብሩም እንደየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። በካሊፎርንያ ግብሩ በየወሩ ክፍያ ላይ ሲታሰብ፥ በቨርጂንያ በመኪናው ጠቅላላ ዋጋ ላይ ይታሰባል፤ በዚህም ላይ የየአውራጃው የዓመት የንብረት ግብር በውሉ አማካይነት ወደ ተከራዩ ይመጣል። ካሊፎርንያ ያለ ዘመድ በስልክ «እኔ ይህን ያህል ነው የምከፍለው» ቢላችሁ፥ እናንተ ቨርጂንያ ሆናችሁ ያን ቍጥር አትመኙት።

አሁን በተለይ በሹፌርነት ለሚተዳደሩት ወንድሞችና እኅቶች አንድ ነገር ልናገር፤ በዋሽንግተን አካባቢ ብዙዎች በዚህ ሥራ ላይ እንዳሉ የታወቀ ነው። የሊዝ ውል በዓመት የሚነዳውን ርቀት ይወስናል፤ ብዙ ጊዜ ከ10,000 እስከ 15,000 ማይል ነው። ከዚያ ያለፈው በየማይሉ ሣንቲም ይቈጠርበታል፤ ለቅንጦት መኪና 25 ወይም 30 ሣንቲም መሆኑ የተለመደ ነው። በ30 ሣንቲም 10,000 ማይል ቢተርፍ 3,000 ዶላር ነው። ሹፌር ደግሞ ያን ያህል በጥቂት ወራት ይነዳዋል። ከዚህም የከፋው፥ ብዙዎቹ ውሎች መኪናውን ለክፍያ ሰው ለማመላለስ መጠቀምን ጨርሶ ይከለክላሉ። «ማን ያየኛል» ብሎ የሚፈርም ሰው አደጋ በደረሰ ቀን ከኩባንያውም ከኢንሹራንሱም ጋር ይጣላል። ለዚህ ሥራ ሊዝ፥ ያውም የቅንጦት መኪና ሊዝ፥ የሚሆን አይመስለኝም። መኪናውን ዐሥር ዓመት ለመንዳት ያሰበ ሰውም እንዲሁ ተሰናባቹን በቅናሹ ዋጋ ቢገዛው ይሻለዋል፤ የ6,000 ዶላሩ ቅናሽ ቀሪ ዋጋ ሳይውጠው ሙሉውን የሚደርሰው ለእርሱ ነውና።

ዘመኑ ሲፈጸም ምን ይደረግ ለሚለው፥ ያን ቀን የሚፈርደው ገበያው ነው። በ2021 እና በ2022 በኤሌክትሮኒክ ቺፕ እጥረት ምክንያት አዲስ መኪና ጠፍቶ የአሮጌዎቹ ዋጋ ሽቅብ ወጣ። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ዝቅ ያለ ቀሪ ዋጋ በውላቸው የተጻፈላቸው ተከራዮች መኪናውን በዚያ ዋጋ ገዝተው አተረፉ። አንዳንድ ኩባንያዎችም ይህን አይተው መኪናው በቀጥታ ለሌላ ነጋዴ እንዳይሸጥ ከለከሉ። እንግዲህ ቀሪው ዋጋ ዝቅ ያለ ከሆነ በየወሩ ብዙ ያስከፍላል፥ በመጨረሻ ግን መግዣው ርካሽ ይሆናል፤ ከፍ ያለ ከሆነ በየወሩ ይቀላል፥ መግዛቱ ግን አያዋጣም። ለተሰናባች መኪና እንዲህ ያለው የገበያ ተአምር ይደገማል ብሎ መፈረም ግን ሎተሪ መቍረጥ ነው። ስትመልሱም ብዙዎቹ ኩባንያዎች የመመለሻ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ በውሉ ስለተጻፈ በዚያ ቀን አትደንግጡ።

የእኅቴ ልጅ መኪናዋን የምትመልሰው በመስከረም 2027 ነው። በየወሩ መጨረሻ የተነዳውን ማይል በጓዳዋ በር ላይ በተሰቀለው ካላንደር ትጽፋለች፤ ባለፈው ጊዜ ቤትዋ ሄጄ ሳየው ከተፈቀደላት 600 ማይል ያህል ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። «እንግዲህ አጎቴን ኒው ዮርክ አድርሼ ልመልስዎ» አለችኝ፤ መንገዱ ደርሶ መልስ 450 ማይል ያህል ነው።